የካናዳ ዜግነት፣ የታክስ ጥያቄውና የአማኝ ፊርማ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 መጨረሻ አካባቢ አንድ የሮም ሻለቃ ጳውሎስ እየተገረፈ እንዲመረመር ያዛል። ጳውሎስ ሮማዊ መሆኑን ሲሰማ ግን ይደነግጣል። ሻለቃው የራሱን ዜግነት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ እንዳገኘው፣ ጳውሎስ ግን ሲወለድ ጀምሮ ሮማዊ እንደ ነበረ ከንግግራቸው እንረዳለን (ሐዋ. 22፥24-29)። ወገኖች ሆይ፣ በካናዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አማኞች፣ እዚሁ ከተወለዱት ልጆቻችን በቀር፣ ከሻለቃው ወገን ነን። ዜግነቱን የምናገኘው በዋጋ ነው። ዋጋው ደግሞ የማመልከቻው ክፍያ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለመሐላው የምንቆመው በአንድ ዓይን እየሳቅን በሌላው እያለቀስን ነው። ይህን ያህል ለሚያስከፍል ነገር የምንሞላውን ቅጽ ግን ብዙዎቻችን በጥንቃቄ አናነበውም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ የዜግነት ወሬ ከተነሣ፣ የሚሰማው ስለ ፈተናውና ስለ ቀን ቆጠራው ነው። «ስንት ጥያቄ ነው የሚመጣው?» ይባላል። ሃያ ነው፣ አሥራ አምስቱን የመለሰ ያልፋል። «ስንት ቀን መቀመጥ አለብኝ?» ይባላል። ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን ነው። ስለ ታክሱ ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ቅጹ ላይ ግን የአመልካቹ ሲን ቁጥር ይጠየቃል፤ ያለፉት ዓመታት በየተራ ተደርድረው «በዚህ ዓመት ታክስ ፋይል ማድረግ ነበረብህ ወይ? አድርገሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል፤ ኢሚግሬሽን ይህንኑ ከገቢዎች ኤጀንሲ እንዲያጣራም አመልካቹ ፈቃዱን ይሰጣል። በመጨረሻም የተሞላው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይፈርማል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ስለዚህ ፊርማ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንይ። ይህ ጥያቄ የቆየ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. ጁን 2015 ድረስ የካናዳ ዜግነት ሕግ አመልካቹ ታክስ ፋይል ማድረጉን እንደ መመዘኛ አይጠይቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወግ አጥባቂው በሃርፐር መንግሥት ዘመን የወጣው ማሻሻያ ጁን 11 ቀን 2015 ሥራ ላይ ሲውል፣ አመልካቹ ከስድስት ዓመት ውስጥ ለአራቱ ፋይል እንዲያደርግ ግዴታ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የሊበራሎቹ መንግሥት ብዙውን ነገር ቢያቃልልም ይህን ጥያቄ አላነሣውም፤ ልኩን ብቻ ቀነሰው። ከኦክቶበር 11 ቀን 2017 ጀምሮ ከአምስት ዓመት ውስጥ የሦስቱ ዓመት ሆነ። ሁለት የማይስማሙ ፓርቲዎች በዚህ አንድ ነገር መስማማታቸው የሚናገረው ነገር ያለ ይመስለኛል። አገሪቱ አዲስ ዜጋ ስትቀበል በምድሯ ላይ መቀመጡን ብቻ ሳይሆን የኑሮውን ሸክም መካፈሉን ማየት ትፈልጋለች። ይህ ለክርስቲያን እንግዳ አሳብ አይደለም። ሐዋርያው ስለ ግብር የጻፈው ከቅጣት ፍርሃት የተነሣ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕሊና ጭምር መገዛት እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ ነው (ሮሜ 13፥5-7)።

ሕጉ ግን ብዙዎች ከሚፈሩት ይልቅ የዋህ ነው። የሚጠይቀው የገቢ ግብር ሕጉ ፋይል ማድረግ ያለበትን ሰው ነው። አንዲት እናት ልጆቿን ስታሳድግ ምንም ገቢ ያልነበራት ከሆነና ፋይል የማድረግ ግዴታ ካልነበረባት፣ በዚህ ምክንያት ማመልከቻዋ አይወድቅም። «ነበረብህ ወይ?» የሚለውን «አይ» ብላ ትሞላለች፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ገቢ ባይኖራትም ፋይል ማድረጉ ይጠቅማታል። የቻይልድ ቤኔፊት ክፍያ የሚሰላው ባልም ሚስትም ፋይል ሲያደርጉ ነውና ነው። ሌላው መልካም ዜና ደግሞ መመዘኛው ፋይል ማድረግ እንጂ ዕዳ አለመኖር አይደለም። በታክስ ዕዳ ያለበት ወንድም ዕዳውን ፈርቶ ፋይል ሳያደርግ ዓመታት ሲያሳልፍ፣ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ዕዳው በወለድ ያድጋል፤ በጊዜው ባለማቅረቡም ከዕዳው ላይ 5 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር ደግሞ 1 በመቶ እስከ 12 ወር ድረስ ይታከልበታል። በላዩ ላይ ዜግነቱም ይዘገይበታል። ፋይል ቢያደርግና ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል ቢስማማ ኖሮ ግን ይህ መመዘኛ ይሟላለት ነበር።

እንግዲህ ስሕተቱ የሚፈጠረው የት ነው? አንዱ «ታክስ የሚመለከተኝ ወረቀቴ ከመጣ ጀምሮ ነው» የሚል አሳብ ነው። በጥገኝነት መጥቶ ጉዳዩ እየታየ በሥራ ፈቃድ የሠራ ሰው፣ በተማሪነት መጥቶ ማታ ማታ የሠራ ሰው፣ ቋሚ ነዋሪ ከመሆኑ በፊትም ኑሮውን እዚህ ከመሠረተ ለታክስ ነዋሪ ነው። የሚጠየቁት አምስት ዓመታት ደግሞ ወደ ኋላ ስለሚቆጠሩ እነዚያን ዓመታት ሊነኩ ይችላሉ። በጊዜያዊ ነዋሪነት ወይም ጥገኝነቱ ከተፈቀደለት በኋላ የቆየበትን ቀን በግማሽ አስቆጥሮ እስከ 365 ቀን የሚጠቀም ሰው፣ በዚያው ዘመን ስለ ሠራው ገቢ ሲጠየቅ «ያኔ ነዋሪ አልነበርኩም» ሊል አይችልም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ሚስቱንና ልጆቹን ቶሮንቶ አስቀምጦ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚሠራ ወንድም እንውሰድ። እዚያ የቆየበት ቀን ለዜግነቱ አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ «ካናዳ ስላልነበርኩ ታክስም የለብኝም» ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዜግነት ቀን ቆጠራና የታክስ ነዋሪነት ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው። ቤቱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ካናዳ ካሉ፣ በታክስ ሕግ ብዙውን ጊዜ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ነዋሪ ደግሞ ገቢውን የትም ያግኘው የት ይናገራል። አዲስ አበባ ያለ ቤት አከራይቶ በየወሩ ኪራይ የሚቀበልም እንደዚሁ ነው። ለኢትዮጵያ መንግሥት የከፈለው የኪራይ ግብር ደረሰኝ ካለው እዚህ ሊታሰብለት ይችላል፤ ደረሰኝ ከሌለው ግን ከፍያለሁ ማለት ብቻ አይበቃም። የማይኖርበትና ለገቢ የያዘው በውጭ አገር ያለ ንብረቱ ዋጋ ከ100,000 የካናዳ ዶላር በላይ ከሆነ ደግሞ በሌላ ቅጽ ማሳወቅ አለበት። ይህን የማያውቁ ብዙ የተከበሩ ሰዎች እንዳሉ አምናለሁ። ባለማወቅ የተደረገ ነው፤ ካወቁ በኋላ ግን ባለማወቅ መሆኑ ያበቃል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እርሱም የጋብቻ ሁኔታ ነው። አንድ ወንድም አዲስ አበባ ሄዶ በቤተ ክርስቲያን ፊት ያገባል፤ ሽማግሌዎች ይባርካሉ፣ መዘምራን ይዘምራሉ፣ ፎቶው ለሁሉ ይታያል። ተመልሶ ሚስቱን ስፖንሰር ለማድረግ ለኢሚግሬሽን «አግብቻለሁ» ብሎ ይሞላል። በዚያው ዓመት ታክሱን ሲያሠራ ግን «ያላገባ» ይላል። ለምን? «ገና አልመጣችም» ይባላል። ወይም ታክስ የሚሠራለት ሰው «እንዲህ ይሻላል፣ ገንዘቡ ይበልጣል» ብሎታል። ወገኖቼ፣ ሚስቱ ውቅያኖስ ማዶ ብትሆንም ሚስቱ ናት። በካናዳ የታክስ ሕግ ተለያይተዋል የሚባሉት ትዳራቸው በመፍረሱ ምክንያት ቢያንስ 90 ቀን ተለያይተው የኖሩ እንጂ ቪዛ የሚጠብቁ አይደሉም። እውነቱን መናገር ደግሞ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ገቢ የሌላትን ሚስት እየረዳ ያለ ሰው ስለ እርሷ ቅናሽ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ ግን ገንዘቡን እንደ ላከ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ በሰው እጅ ወይም በሐዋላ የላከ ሰው የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ አብረው እየኖሩ «ተለያይተናል» ብለው በማስመዝገብ የልጆች ክፍያውን የሚያሳድጉ አሉ። እሑድ አብረው ቅዱስ ቁርባን ይወስዳሉ፤ በወረቀት ግን የተፋቱ ናቸው። ይህን ስጽፍ በማንም ለመፍረድ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስለ አንድ ትዳር ሁለት የተለያየ ነገር በእጃችን ተጽፎ ሲይዙ፣ ዜግነት የሚጠይቀው ማመልከቻ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መሆኑን ማወቅ አለብን።

የካሽ ሥራም አለ። በምግብ ቤት፣ በጽዳት፣ በፀጉር ሥራ፣ ቤት ውስጥ ልጅ በመጠበቅ የሚገኝ ገንዘብ በእጅ ስለ ተሰጠ ገቢ መሆኑ አይቀርም። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞች ደግሞ ማወቅ ያለባቸው ነገር ተለውጧል። ከ2024 ጀምሮ እንዲህ ያሉ በመተግበሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች ሾፌሮቻቸው ያገኙትን ራሳቸው ለገቢዎች ኤጀንሲ እንዲያሳውቁ ተደርጓል። በግሉ የሚሠራ ሰው ወረቀቱን እስከ ጁን 15 ማቅረብ ይችላል፤ ዕዳ ካለበት ግን መክፈያው እንደ ሌላው ሰው ኤፕሪል 30 ነው። ይህች የቀን ልዩነት በየዓመቱ ብዙ ሰው ወለድ ታስከፍላለች።

አንዳንዱ ወንድም እዚህ ላይ ያስቆመኝና እንዲህ ይላል፦ «ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው ፋይል ማድረጌን እንጂ የሞላሁት ትክክል መሆኑን አይደለም። እኔ አምስቱንም ዓመት ፋይል አድርጌያለሁ።» እውነቱን ለመናገር፣ በሕጉ ፊደል ልክ ነው። የዜግነት መመዘኛው ወረቀቱ መቅረቡን ያያል፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለውን የሚመረምረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ምናልባትም ማንም ላይመረምረው ይችላል። ግማሹን ገቢውን የደበቀ ሰው ፈተናውን አልፎ፣ ምሎ፣ ፓስፖርቱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሕጉ የማያየው ይህ ሰፊ ቦታ ነው ለአማኝ ፈተናው። ሐናንያና ሚስቱ ሰጲራ የሠሩት ኃጢአት ገንዘቡን አለመስጠታቸው አልነበረም፤ ጴጥሮስ ራሱ መሬቱም ገንዘቡም የራሳቸው እንደ ነበር ነግሯቸዋል። ኃጢአታቸው ከፊሉን ሁሉ ነው ብለው ማቅረባቸው ነበር (ሐዋ. 5፥1-9)። በታክሱ ወረቀት ላይ ደግሞ ድርሻው የእኛ ብቻ እንኳ አይደለም።

ከሕግም ወገን ቢሆን ነገሩ የሚያስተማምን አይደለም። በዜግነት ማመልከቻ ላይ ሐሰት ያቀረበ ሰው ማመልከቻው ከመውደቁም በላይ ለአምስት ዓመት እንዳያመለክት ሊከለከል ይችላል፤ በሐሰት የተገኘ ዜግነትም ከተሰጠ በኋላ ሊነጠቅ ይችላል። ዘመኑ አልፏል የሚባልበት ነገር አይደለም።

ስለ ምእመናን ይህን ከተናገርሁ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ዝም ብል አድልዎ ይሆንብኛል። የመጀመሪያው የአሥራት ደረሰኝ ነው። በመንግሥት የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሆነች ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ደረሰኝ ከምእመኑ ታክስ ላይ ስለሚቀንስ፣ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ ያዡን «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» የሚል አይጠፋም። «በካሽ ነበር የምሰጠው፣ በፖስታው ላይ ስሜን አልጻፍሁም እንጂ» ይባላል። ገንዘብ ያዡም የሚያውቀው ወንድም ስለ ሆነ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሰጠ ድርጅት በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው መጠን 125 በመቶ ሊቀጣ፣ ምዝገባውንም ሊያጣ ይችላል። ለአንድ ሰው ሲባል የሁሉ መባ ደረሰኝ አልባ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የእንግዳ አገልጋይ ፖስታ ነው። ከሌላ ከተማ መጥቶ ሦስት ቀን የሰበከ ወይም የዘመረ አገልጋይ «የፍቅር ስጦታ» ተብሎ በፖስታ ይሰጠዋል። ስሙ የፍቅር ስጦታ ይሁን እንጂ ላገለገለበት የተከፈለው ክፍያ ገቢ ነው፤ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቲ-4ኤ የሚባለውን ወረቀት ልትሰጠው ይገባል። ይህ ካልተደረገ የሚጎዳው አገልጋዩ ራሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ ሲያገለግል ኖሮ ታክስ ላይ ምንም ገቢ የሌለው ሰው ይሆናል፤ ቤት ሊከራይ ሲፈልግ የሚያሳየው የለውም፤ ዜግነት ሲጠይቅ ደግሞ «ፋይል ማድረግ ነበረብህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፊት ይቆማል። «አይ» ቢል ዋሸ፤ «አዎ» ቢል ያላቀረባቸው ዓመታት ይቆጠራሉ። በመድረክ ላይ እውነትን የሚናገር ሰው እዚህ ቦታ ላይ እንዲቆም ያደረግነው እኛ ነን። የአንድ አጥቢያ ሽማግሌዎች ስብሰባ በአንድ ማታ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው።

ድንበሩን ተሻግረን አሜሪካ ያሉትን ወገኖች ብናይ መንገዱ ይለያል። እዚያ እንደ ካናዳ «ከአምስት ዓመት ሦስቱን» የሚል ቁጥር የለም። ኤን-400 የተባለው ማመልከቻ ጊዜው ያለፈ የታክስ ዕዳ እንዳለ ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ ራስን ነዋሪ አይደለሁም ብሎ ፋይል ማድረግንም ይጠይቃል፤ መልሱም የአመልካቹ መልካም ጠባይ የሚመዘንበት አንዱ ነገር ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ዕዳው ራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ጋር የተስማማበትንና እየከፈለ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። ከአሜሪካ ዘመድ በስልክ የሚመጣ ምክር ካናዳ ላለው፣ ከካናዳ የሚሄደውም አሜሪካ ላለው የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለፈው ተበላሽቶ ከሆነስ? ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፤ እኛ ከፋዮች ነን፤ ነገር ግን ጌታ በቤቱ የገባ ቀን ያደረገው የሒሳብ ማስተካከል ነበር (ሉቃ. 19፥8)። ይህ ደግሞ በካናዳ መንገድ ያለው ነገር ነው። ያልቀረቡ የቀድሞ ዓመታት ወረቀቶች ዘግይተውም ቢሆን ሊቀርቡ ይችላሉ፤ መንግሥት ለሰውየው የሚመልሰው ገንዘብ ካለም እስከ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሊጠየቅ ይችላል። የተሳሳተውን ዓመት እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። ኤጀንሲው ምርመራ ሳይጀምር በራሳቸው ፈቃድ የደበቁትን ለሚገልጹ ደግሞ፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት ካገኘ፣ ቅጣቱን የሚያቀልል መርሐ ግብር አለ፤ ታክሱ ግን ይከፈላል። ነገሩ ከባድ ከሆነ ታክስ የሚያውቅ የሕግ ሰው ሳያማክሩ ምንም እንዳይጽፉ እመክራለሁ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በየዓመቱ በፈቃደኞች አማካይነት በነፃ ታክስ የሚሠራበት ፕሮግራምም አለ፤ አብያተ ክርስቲያናትም አዳራሻቸውን ሰጥተው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ሒሳብ የተማሩ ወጣቶቻችን በፌብሩዋሪና በማርች ሁለት ሁለት ቅዳሜ ቢሰጡ፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶች የገዛ ወረቀታቸው ላይ ምን እንደ ተጻፈ በአማርኛ ይሰሙ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ የሚፈርሙት ያላነበቡትን ነው።

በዚህ ዓመት ለማመልከት ያሰባችሁ፣ ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ማታ ቁጭ በሉና ያለፉትን ዓመታት የገቢዎች ኤጀንሲ የላከላችሁን የውሳኔ ደብዳቤዎች በየዓመቱ ደርድሩ። ደብዳቤው ከጠፋ በኢንተርኔት በግል አካውንታችሁ ላይ ይገኛል፤ ወይም ወደ ኤጀንሲው ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የጎደለ ዓመት ካለ መጀመሪያ እርሱን አስገቡና መልሱን ጠብቁ። በየደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ገቢና የጋብቻ ሁኔታ ለኢሚግሬሽን ከሞላችሁት ጋር ባልና ሚስት አብራችሁ አስተያዩ። የማይገጥም ነገር ካገኛችሁ ያን ዓመት አስተካክሉና ከዚያ በኋላ ፈርሙ።